ሁለት ጊዜ ከመደርደሪያ የወረደ ደራሲ፤ ስለ ሃዋርድ ፋስት የታሪክ ልብ ወለዶች

በመደብ በተከፋፈለ ኅብረተሰብ ውስጥ ብዕሩ በማን እጅ እንደነበረ ሳይጠይቁ ታሪክን ማንበብ ለስሕተት ይዳርጋል። ለብዙ ሺህ ዓመታት የተጻፈው ታሪክ በአመዛኙ የነገሥታት፣ የመሳፍንትና የጦር አዝማቾች ታሪክ ነው። በአገራችን ዜና መዋዕሎችም ቢሆን ንጉሡ የት እንደሰፈረ፣ ማንን እንደሾመና ማንን እንደሻረ በዝርዝር ሰፍሯል፤ ድንኳኑን የተከለው፣ ስንቁን የተሸከመውና ጎተራውን የሞላው ገባር ግን በአብዛኛው ስም የለውም። ስለ እርሱ የሚነሳው ሲያምፅ ነው፤ ያን ጊዜም የሚጽፈው የተመፀበት ወገን ጸሐፊ ነው። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» እንዲሉ፣ አፍ የተነፈገው ሰፊ ሕዝብ የገዛ ታሪኩን ከጌታው አንደበት ሲሰማ ኖሯል።

ስለሆነም የታሪክ ልብ ወለድ ጉዳይ የጊዜ ማሳለፊያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መዝገቡ ዝም ባለበት ቦታ፣ ድል የተነሳው ሰው ምን አስቦ እንደተነሳ፣ ምን ተስፋ አድርጎ እንደሞተ ለመጠየቅ የሚደፍር የጽሑፍ ዘርፍ ነው። ድፍረቱ ግን አደጋም አለው። ደራሲው የጎደለውን በምናቡ ሲሞላ እውነቱን ሊያቀና እንደሚችል ሁሉ ለራሱ ዓላማ ሊያጣምመውም ይችላል። በሌላ አነጋገር የታሪክ ልብ ወለድ የሚጻፍበት ብዕር ሁለት ወገን የሚቆርጥ ስለት ነው።

ይህን ከባድ ሥራ ሙያው አድርጎ ከያዙት መካከል አንዱ አሜሪካዊው ሃዋርድ ፋስት ነው። ከ1914 እስከ 2003 ዓ.ም. በዘለቀው ዕድሜው ከ80 የማያንሱ መጻሕፍት ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እርሱ ሲነሳ ግን ሁልጊዜ አንድ ጭቅጭቅ አብሮ ይነሳል። ፋስት ለአሥር ዓመታት በላይ የአሜሪካ ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በይፋ ተለይቷል። በዚህም ምክንያት አንዱ ወገን «ከሃዲ ነውና መጽሐፉ ምን ይረባናል?» ሲል፣ ሌላው ወገን «ኮሚኒስት ነበርና የጻፈው ሁሉ ፕሮፓጋንዳ ነው» ይላል። ሁለቱም መጽሐፉን ሳይገልጡ ይፈርዳሉ። እኛ ደግሞ ፍርዱ ከንባብ በኋላ መምጣት አለበት የሚል አቋም አለንና የሰውየውን ሕይወትና ሥራ ከአንባቢው ጋር ሆነን እንመርምር።

ከሠራተኛ ቤት የወጣ ብዕር

ፋስት በኒው ዮርክ ከተማ ከድኃ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ከዩክሬን የተሰደደ ሠራተኛ ሲሆን በብረት ሥራ፣ በቆርቆሮ ፋብሪካ፣ በኋላም በልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭነት ደክሟል፤ ሥራ አጥቶ የሚቀመጥበት ጊዜም ጥቂት አልነበረም። እናቱ የሞተችው ልጁ 8 ዓመት ሳለ ነው። ፋስት ገና በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር ጋዜጣ እያዞረ ይሸጥ ነበር። ከዚያም በከተማይቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እያመላለሰ ለመደርደር ተቀጠረ። የዚህን ወጣት ንቃተ ኅሊና የከፈቱት መጻሕፍት በዚህ ዕድሜው ያነበባቸው ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ አንዱ የጃክ ለንደን «የብረት ተረከዝ» እንደነበረ ራሱ መስክሯል።

የመጀመሪያው ልብ ወለዱ የታተመው በ1933 ዓ.ም.፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። ያ ዓመት ከአራት አሜሪካውያን ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ ያጣበት፣ የካፒታሊስቱ ሥርዓት ቀውስ እጅግ የከፋበት ዓመት ነው። ፋስት ያደገው በዳቦ ሰልፍ መካከል ነውና ወደ ታሪክ ፊቱን ሲያዞር የቤተ መንግሥት ፍቅርና የመኳንንት ግብዣ አልማረከውም። የፈለገው ተሸንፈው የተረሱትን ነበር።

በ1941 ዓ.ም. ያሳተመው «የመጨረሻው ዳርቻ» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ታሪኩ በ1878 ዓ.ም. የተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ነው። 300 የሚያህሉ የሰሜን ሸየን ሕንዶች ረኃብና ወባ ከሚፈጃቸው የግዞት ሠፈር ተነስተው፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ይዘው፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው የአባቶቻቸው ምድር በእግርና በፈረስ ጉዞ ጀመሩ። መንግሥትም በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች አሰማርቶ አሳደዳቸው። ብዙዎቹ በጥይትና በብርድ አለቁ፤ የተረፉት ግን በመጨረሻ በዚያው በሰሜኑ አገራቸው መሬት አገኙ።

ፋስት ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ ወደ ኦክላሆማ ሄዶ የሸየን ሽማግሌዎችን አነጋግሯል። በመጀመሪያ ታሪኩን በሸየኖቹ አንደበት ሊተርክ ሞክሮ አልተሳካለትም። ከዚያም መላውን ሥራ እንደገና ጽፎ በአሳዳጆቹ ወታደሮች ዓይን እንዲታይ አደረገ። ይህ ዘዴ እንዲሁ የቴክኒክ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ትልቅ ሐቅ አለበት። ደራሲው የማያውቀውን ሰው ልብ አውቃለሁ ብሎ ከመዋሸት ይልቅ፣ ሟቹን በገዳዩ ኅሊና ውስጥ እንዲነሳ አድርጎታል። አንባቢው ሸየኖቹን ከሩቅ ያያል፤ ወታደሩ ግን ከቀን ወደ ቀን የራሱን ሥራ እያየ ሲያፍር ከቅርብ ያየዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው «ዜጋ ቶም ፔይን» ደግሞ በእንግሊዝ አገር የሴቶች የወገብ ማጥበቂያ ሰፊ የነበረውን ቶማስ ፔይንን አነሳ። ፔይን በጥር 1776 ዓ.ም. ያሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ የአሜሪካን የነፃነት ትግል ያቀጣጠለው በመኳንንት ቋንቋ ሳይሆን በሠራተኛውና በገበሬው ቋንቋ ስለተጻፈ ነው። ይኸው ሰው ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በአብዮቱ ሸንጎ ተመርጦ ሳለ፣ ንጉሡ ከሥልጣን ይውረድ እንጂ አይገደል ብሎ በመከራከሩ በወህኒ ተጥሏል። ነፃነትን የሰበከለት አብዮት አሥሮት ለጥቂት ከሞት ተረፈ። ወደ አሜሪካ ተመልሶም በ1809 ዓ.ም. ሲሞት ለቀብሩ የወጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ፋስት ይህን ታሪክ በጻፈ ጊዜ የራሱን ዕጣ ፈንታ እየጻፈ እንደነበረ አላወቀም።

በ1944 ዓ.ም. የታተመው «የነፃነት መንገድ» ወደ ደቡብ ካሮላይና ይወስደናል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጊዲዮን ጃክሰን የቀድሞ ባሪያ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ተመልሶ፣ ማንበብና መጻፍ ሳይችል፣ ጎረቤቶቹ ለ1868ቱ የሕገ መንግሥት ጉባዔ መርጠው ይልኩታል። እዚያም ፊደል ይቆጥራል፤ በኋላም የአገሪቱ ምክር ቤት አባል እስከመሆን ይደርሳል። በመንደሩ ጥቁርና ነጭ ድኃ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው መሬት በጋራ ይገዛሉ፤ በአንድ ትምህርት ቤት ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ጊዲዮን የምናብ ሰው ነው፤ ጉባዔው ግን እውነት ነበር። በቻርልስተን ከተማ በተሰበሰበው በዚያ ጉባዔ አብዛኞቹ ተወካዮች ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ለሁሉም ልጆች ክፍት የሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም፣ ሰው ለመምረጥና ለመመረጥ ሀብት ሊኖረው ይገባል የሚለው ደንብም እንዲቀር በሕገ መንግሥት ደንግገዋል። የፌዴራሉ ጦር በ1877 ዓ.ም. ከደቡብ ሲወጣ የቀድሞዎቹ የመሬት ባለቤቶችና ጭምብል የለበሱ ነፍሰ ገዳዮቻቸው ያን ሁሉ አፈረሱት።

በፋስት ዘመን በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ታሪክ ግን ያን ጊዜ «መሃይም ጥቁሮች አገር ያበላሹበት ወቅት» አድርጎ የሚያስተምር ነበር። ይህን ውሸት ታላቁ ምሁርና የአፍሪካ አንድነት ታጋይ ዱቦይስ በ1935 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት በማስረጃ አፍርሶታል። ፋስት ደግሞ ጥናቱ ወደማይደርስበት ሠራተኛ ቤት እውነቱን በልብ ወለድ አደረሰ። ዱቦይስም ለመጽሐፉ መቅድም ጽፎለታል። ምሁሩ መዝገቡን ሲመረምር፣ ደራሲው ደግሞ ለመዝገቡ ሥጋና ደም ሲሰጥ፣ ሁለቱ ተደጋግፈው የገዥው መደብ ተረት እንዴት እንደሚናድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

«ስም አልሰጥም»

ፋስት በስፔይን ፋሽስቶች ድል ተነስተው የተሰደዱ ሪፐብሊካውያንን የሚረዳ አንድ ኮሚቴ አባል ነበር። ኮሚቴው በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ለስደተኞቹ ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ጦርነቱ ባበቃ ማግስት፣ በ1946 ዓ.ም.፣ «ፀረ-አሜሪካዊ ድርጊቶችን» እመረምራለሁ የሚለው የምክር ቤት ኮሚቴ የረጂዎቹንና የተረጂዎቹን ስም የያዘውን መዝገብ አምጡ አለ። ፋስትና ጓደኞቹ እምቢ አሉ። ስም ቢሰጡ ረጂው ከሥራው ይባረራል፤ ስፔይን የቀረው የስደተኛው ዘመድም ለፍራንኮ ፖሊሶች ይጋለጣል። በዚህ እምቢታ ምክር ቤቱን ደፍራችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ ከረጅም ክርክር በኋላም ፋስት በ1950 ዓ.ም. በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኝ የፌዴራል እሥር ቤት ሦስት ወር ታሠረ።

ከዚያ አስቀድሞ በ1947 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ትምህርት ቦርድ «ዜጋ ቶም ፔይን»ን ከከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት አውጥቶ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በውጭ አገሮች ከከፈታቸው ቤተ መጻሕፍት የፋስት መጻሕፍት እንዲነሱ ተደረገ። ፓስፖርትም ተከለከለ። ከመደርደሪያ የወረደው ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ጊዜ ነው። የሐሳብ ነፃነት ጠበቃ ነኝ የሚለው የቡርዣው መንግሥት፣ የራሱን የነፃነት ታሪክ የጻፈለትን ደራሲ ከገዛ ቤተ መጻሕፍቱ ማውጣቱን አንባቢው ልብ ይበል።

ስለ ስፓርታከስ ልብ ወለድ የመጻፍ ሐሳብ የበሰለው በእሥር ቤት ነው። ጀርመናዊቷ ታጋይ ሮዛ ሉክሰምበርግና ጓዶቿ ማኅበራቸውን በስፓርታከስ ስም ለምን እንደሰየሙ ሲያስብ፣ ወደ ጥንታዊቱ ሮም ሄደ። በ1951 ዓ.ም. ሥራውን ፈጽሞ ለአሳታሚዎች ሲያቀርብ አንዱ ከሌላው እየተከታተለ መለሰለት። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ጫና እንደነበረበት ፋስት ራሱ ጽፏል። ስለዚህም መጽሐፉን አስቀድመው ገንዘባቸውን በላኩ አንባቢዎች ድጋፍ በራሱ አሳተመው። በጥቂት ወራት ውስጥም ደጋግሞ ታተመ። የአሳታሚዎቹን በር አንባቢው ራሱ ከፈተው ማለት ነው።

የመስቀሎቹ መንገድ

የስፓርታከስ አመፅ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ73 እስከ 71 የቆየ እውነተኛ የታሪክ ክንውን ነው። በካፑዋ ከተማ ሰው ለመዝናኛ እርስ በርሱ እንዲጋደል ከሚሰለጥንበት ግቢ፣ 70 የሚያህሉ ባሮች የወጥ ቤት ቢላዋና የብረት መጥበሻ እንጨት ይዘው አመለጡ። በቬሱቪየስ ተራራ ሰፈሩ፤ ከየእርሻው በተቀላቀሉ ባሮች ብዛትም በአሥር ሺህዎች ወደሚቆጠር ሠራዊት አደጉ፤ የሮማን ጦር ደጋግመው ድል ነሱ። በመጨረሻ ባለጸጋው ክራሰስ አሸነፋቸው። ከተማረኩት 6,000 ሰዎች ከካፑዋ እስከ ሮም ባለው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ተሰቀሉ። የስፓርታከስ አስከሬን ግን አልተገኘም። ይህን የምናውቀው በዋናነት ፕሉታርክና አፒያን ከጻፉት ሲሆን፣ ሁለቱም የጻፉት ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው፣ ሁለቱም በሮማ ግዛት ዘመን ነው። ከአማፅያኑ ወገን አንዲት መስመር እንኳ አልቀረችም።

ፋስት ልብ ወለዱን የሚጀምረው አመፁ ካበቃ በኋላ ነው። ሦስት ባለጸጋ ወጣት ሮማውያን በአፒያ መንገድ ለሽርሽር ይጓዛሉ፤ በመንገዱ ዳር መስቀሎቹ ቆመዋል። ስፓርታከስ ሞቷል። እርሱን የምናውቀው ክራሰስ፣ የባሮቹ ነጋዴና ሌሎች ገዥዎች ስለ እርሱ ሲያወሩ ነው። በወይንና በሥጋ መካከል ተቀምጠው፣ ስሙን ላለማንሳት እየፈለጉ፣ ሌላ ወሬ ግን አይሆንላቸውም። በሸየኖቹ መጽሐፍ የተጀመረው ዘዴ እዚህ በስሏል። የተጨቋኙ ታላቅነት የሚመሰከረው በጨቋኙ ፍርሃት ነው።

ሁለት ቦታዎችን በተለይ እናንሳ። አንደኛው፣ አፍሪካዊው ድራባ ከስፓርታከስ ጋር እስከ ሞት እንዲዋጋ የታዘዘበት ነው። ድራባ ጓዱን መግደል ሲችል ፊቱን አዙሮ ለመዝናናት ወደተቀመጡት ሮማውያን ይሮጣል፤ ሳይደርስባቸውም ይገደላል። ከአሸናፊነት እምቢታን የመረጠ አንድ ሰው፣ በሌሎቹ ልብ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተቀብሮ የቆየውን ነገር ይነቀንቀዋል። ሁለተኛው ለሠራተኛው አንባቢ እጅግ የቀረበ ነው። ክራሰስ እንግዶቹን ወደ ሽቶ ፋብሪካው ይወስዳቸዋል። እዚያ የሚሠሩት ባሮች ሳይሆኑ ደመወዝተኞች ናቸው። ለባለሀብቱ ይህ ይረክሳል፤ ባሪያ ሥራ ባይኖርም ይቀለባል፤ ደመወዝተኛ ግን ሥራ ሲያልቅ ይሰናበታል፤ ነፃ ሰው ነኝ ስለሚልም አያምፅም ብሎ ያስባል። ደራሲው የብዝበዛን ምንነት በትምህርታዊ ንግግር ከመተንተን ይልቅ በአንድ ጉብኝት አሳይቷል። ፋብሪካ ውስጥ የሚውል አንባቢ ይህን ገጽ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ፋስት ስፓርታከስን የባሪያ ልጅ፣ የባሪያ የልጅ ልጅ አድርጎ በኑቢያ በረሃ በሚገኝ የወርቅ ማዕድን ውስጥ ያሳድገዋል። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ግን ስለ ኑቢያ አያነሱም፤ ትራሳዊ መሆኑን ይናገራሉ፤ አፒያን ደግሞ ቀድሞ በሮማውያን ጦር ውስጥ ወታደር እንደነበረ ጽፏል። ከዚህም ሌላ አማፅያኑ በመጽሐፉ ውስጥ ከመጠን በላይ ንጹሕ ናቸው፤ ስፓርታከስ አይሳሳትም፤ ሚስቱ ቫሪኒያም ከሰው ይልቅ ወደ ተምሳሌትነት ታደላለች። ጥንታውያኑ ምንጮች የሚነግሩን የአማፅያኑ መከፋፈልና መዝረፍ ተለዝቦ አልፏል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ጭቁኑን ያለ ስሕተት የሚስል ደራሲ ያከበረው እየመሰለው ሰውነቱን ይነሳዋል። ሰፊው ሕዝብ ታሪክ ሠሪ ነው ስንል ታሪኩን ከነስሕተቱ የሠራ ነው ማለታችን ነው።

ብዙ ሰው ስፓርታከስን የሚያውቀው በ1960 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ነው። ፊልሙ የራሱ ታሪክ አለው፤ ስም አልሰጥም በማለቱ ታሥሮ ለዓመታት በሐሰት ስም ሲጽፍ የኖረው ዳልተን ትራምቦ በገዛ ስሙ የታየበት ነው። ነገር ግን ተሸናፊዎቹ ተራ በተራ እየተነሱ «ስፓርታከስ እኔ ነኝ» የሚሉበት ትዕይንት የፊልሙ እንጂ የመጽሐፉ አይደለም፤ ጀግናው የሚሰቀለውም በፊልሙ ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ፣ እንደ ታሪኩ፣ ስፓርታከስ በጦር ሜዳ ጠፍቶ ቀርቷል።

ሁለተኛው መውረድ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመለስ። በ1953 ዓ.ም. ፋስት በስታሊን ስም የተሰየመውን የሰላም ሽልማት ተቀብሏል። መጻሕፍቱም በሶቪየት ኅብረት በብዙ ቅጂ እየታተሙ ይነበቡ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ሲል፣ በነሐሴ 1952፣ በይዲሽ ቋንቋ የሚጽፉ ታዋቂ ደራሲዎች የሚገኙባቸው 13 ሰዎች በሞስኮ በሐሰት ክስ ተረሽነው ነበር። ፋስትና ሌሎች ስለ አይሁዳውያኑ ጸሐፊዎች ደኅንነት ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ነውና፣ በ1956 ዓ.ም. ክሩሽቾቭ የስታሊንን ዘመን ግፍ ሲያጋልጥና የሃንጋሪ አመፅ በታንክ ሲደፈጠጥ ፋስት ጸንቶ መቆም አልቻለም። በሚቀጥለው ዓመት መለየቱን በይፋ አስታወቀ፤ «እርቃኑን የቀረው አምላክ» የተባለውን መጽሐፍም ጽፎ ምክንያቱን ዘረዘረ።

ያን ጊዜ የሶቪየት ጋዜጦች አወገዙት፤ ትናንት በገፍ ይታተሙ የነበሩ መጻሕፍቱም ከኅትመት ቆሙ። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ ሲያሞግሱት የነበሩ ብዕሮች ስድብ ጻፉበት። ከመደርደሪያ የወረደው ለሁለተኛ ጊዜ ይህን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። በ1953 እና በ1957 መካከል በ«ስፓርታከስ» ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣለችን? በአፒያ መንገድ የቆሙት መስቀሎች ቁጥር ቀነሰን? የጊዲዮን ጃክሰን ትምህርት ቤት ዳግመኛ በተቃጠለ ጊዜ ያቃጠለው ሌላ ሰው ነበርን? የተለወጠው ደራሲው የተቀመጠበት ወንበር ብቻ ነው። ዋሽንግተን መጽሐፉን ያወረደችው ደራሲው ወደ ፓርቲው ስለገባ ነው፤ ሞስኮ ያወረደችው ከፓርቲው ስለወጣ ነው። ሁለቱም አንባቢውን አላመኑትም። በሠራተኛው ስም የሚናገር ወገን ሠራተኛው አንብቦ መፍረድ አይችልም ብሎ ካሰበ፣ ደመወዝተኛውን «አያምፅም፤ አያስብም» ብሎ ከናቀው ከክራሰስ በምን ይለያል?

ፋስትንም ከተጠያቂነት ነፃ አናወጣውም። የስፔይን ስደተኞችን ስም ላለመስጠት የታሠረ ሰው፣ የሌሎች እሥረኞች ስም በጠፋበት አገር ስም የተሰጠውን ሽልማት ሲቀበል በቂ ጥያቄ አልጠየቀም። እርሱ ራሱ የአሸናፊዎችን መዝገብ መጠራጠር ያስተማረን ሰው፣ የገዛ ወገኑን መዝገብ ሳይጠራጠር ለዓመታት ኖረ። ስሕተቱ ለጭቁኖች መቆሙ ላይ አልነበረም፤ ለጭቁኖች የሚቆም ሁሉ ጨቋኝ ሊሆን አይችልም ብሎ ማመኑ ላይ ነበር። ይህ የእርሱ ብቻ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ባላነሳነው ነበር። በብዙ አገሮች ብዙ ቅን ሰዎች የተሰናከሉበት ድንጋይ በመሆኑ ግን መነገር አለበት።

ሆኖም ከፓርቲው ከወጣ በኋላ የቀድሞ ጓዶቹን ለመርማሪዎች አሳልፎ በመስጠት ኑሮውን አላደላደለም። የቬትናምን ጦርነት ተቃውሟል። በ1990 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም በሥራ ማቆም አድማና በፀረ-ዘረኝነት ትግል አብረውት የቆሙትን ተራ አባላት በአክብሮት አስታውሷቸዋል። በኋለኛው ዘመኑ ለገበያ የሚስማሙ ብዙ መጻሕፍት፣ በብዕር ስምም የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች መጻፉ እውነት ነው፤ ከቀድሞዎቹ ጋር የሚስተካከሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ቶም ፔይንን በጻፈበት ጊዜ ያላወቀው ዕጣ ፈንታ ደርሶበት፣ ከሁለቱም ወገን ስድብ ጠግቦ፣ በ88 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ ደራሲ ሕይወትና ሥራ የሠፈር ማኅበር አባሉና ሠራተኛው የሚወስዱት ምንድን ነው? አንደኛ፣ ማንኛውንም ታሪክ ስናነብ ብዕሩ በማን እጅ እንደነበረ እንጠይቅ፤ ጥያቄያችን ግን በጠላት መዝገብ ላይ ብቻ አይቁም፣ ወደ ራሳችንም መዝገብ ይግባ። ሁለተኛ፣ መጽሐፍ በደራሲው የአባልነት መታወቂያ አይመዘን። በየሠፈሩ ያሉ የንባብ ክፍሎች «ስፓርታከስ»ንም «እርቃኑን የቀረው አምላክ»ንም ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ አንባቢው ሁለቱን አንብቦ ይከራከር። በክርክር የሚፈርስ እምነት ቀድሞም አልቆመም።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። ፋስት ስለ ሸየኖች ለመጻፍ ሲነሳ በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ሄዶ አዳምጧል። በየሠፈራችን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በባቡር ሐዲድ፣ በቡና ለቀማና በሸክም ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አረጋውያን አሉ። የመጀመሪያ ደመወዛቸው ስንት እንደነበር፣ አሠሪያቸው ምን ብሎ እንደሰደባቸው፣ ሥራ ባቆሙበት ቀን ማን ከጎናቸው ቆሞ ማን እንደሸሸ ያስታውሳሉ። ስማቸው በማንኛውም ዜና መዋዕል ውስጥ የለም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በየዓመቱ ያልፋሉ። ማኅበሩ ከስብሰባው በኋላ አንድ ሰዓት ቢለይ፣ ወጣቱ ደብተርና እርሳስ ይዞ ከእነዚህ አረጋውያን አጠገብ ቢቀመጥና የሚሉትን ሳያሳምርና ሳያጎድል ቢጽፍ፣ የነገው ደራሲ በምናቡ ብቻ ለመሙላት የሚገደደው ባዶ ገጽ ይጠባል። የስፓርታከስ ጓዶች አንዲት መስመር እንኳ ሳይተዉ አልፈዋል። የእኛዎቹ እንዲሁ እንዳያልፉ ማድረግ በእጃችን ነው።